ኮምፒውተርን መሳል ያስተማሩት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን የሱቅ ማስታወቂያ በብሩሽ ይጽፉ ከነበሩት አባታችንና ከአዋላጅ ነርሷ እናታችን የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ያደጉት ከአባታችን የሥራ ቦታ ጀርባ በነበረችው፣ ቀለም ቀለም በምትሸት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ለእኛ ለታናናሾቻቸው እናትም ዳኛም ነበሩ። ቁጡ ናቸው፤ ሲስቁ ደግሞ ጎረቤት ይሰማቸዋል። እኔ ታናሽ እህታቸው እትዬ እላቸዋለሁ። ተማሪዎቻቸው ግን "እትዬ መስመር" የሚል ስም አወጡላቸው፤ እሳቸውም አልጠሉትም።

በሒሳብ ከተመረቁ በኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን በኮምፒውተር ሥዕል ምርምር ሠሩ። በተቀጠሩበት የምርምር ተቋም ባልደረቦቻቸው ሁሉ ኮምፒውተር ከፎቶ የማይለይ ምስል እንዲያወጣ ሲደክሙ፣ እሳቸው እንደ ሰው እጅ፣ በእርሳስና በቀለም እንዲስል ማስተማር ያዙ። "ሴትዮዋ አበደች እንዴ?" ተባለ። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ባለቤታቸውን ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። ሰዓሊ ነበሩ፤ ለሕክምና መጻሕፍት የሰውነት ክፍሎችን በእጃቸው ይስላሉ። ትዳራቸው በጭቅጭቅ የቆመ ነበር ብል አልዋሸሁም። ሰዓሊው ጉልበት ሲስሉ እህታችን አጠገባቸው ቁጭ ብለው "ይቺን መስመር ለምን ዘለልካት?" እያሉ ያደርቋቸዋል። እሳቸውም "እንጃልሽ፣ አታስፈልግማ!" ይላሉ። እህታችን "እንጃ" የሚባል መልስ አይዋጥላቸውም፤ ያቺን የተዘለለች መስመር ወደ ሒሳብ ሳይለውጡ ዕረፍት የላቸውም። "ኮምፒውተር ሁሉን ያያል፤ ምኑ እንደሚበቃ ግን አያውቅም" ይሉ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ዐረፉ።

የዕድሜ ልክ ድካማቸው ፍሬ አንድ ፕሮግራም ነው። የሕመምተኛን የስካን ምስል ይቀበልና ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገውን ጅማት አጉልቶ፣ ደሙንና ስቡን ትቶ፣ በእርሳስ የተሣለ አስመስሎ ያወጣዋል። የነርስ ተማሪዎች የሰውነት ክፍል ፎቶ ግራ ሲያጋባቸው ሥዕሉ ወዲያው ይገባቸው ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ልጃቸው "አክስቴ፣ ለዛሬ እንኳ ቻይው" ብላኝ ነበር። አልችልም። የተቋሙ ገምጋሚዎች፣ እነዚያ ተማርን ባዮች፣ የእህቴን ሥዕል ከእውነተኛ እግር ፎቶ ጎን አስቀምጠው ልዩነቱን በማሽን ለኩ! ፎቶው ላይ ኖሮ ሥዕሉ ላይ የሌለውን ሁሉ፣ ደሙን፣ ስቡን፣ የቆዳውን ፀጉር ሳይቀር፣ ስህተት ብለው ቆጠሩባቸው። ምን ዓይነት ጉድ ነው? ሥራው እኮ እሱን መተው ነበር! እህታችን አስረዱ፣ ለመኑ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። በመጨረሻ ክፍላቸው ተዘጋ፤ ዕቃቸው ኮሪደር ላይ ተቆለለ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሠሩ። እኛም ሳህናችንን ጭናችን ላይ ይዘን እንበላ ነበር።

ሳንባቸውን ታመው ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ። ልጃቸውን፣ እኛን ታናናሾቻቸውንና በየሆስፒታሉ በሥዕላቸው የሚያስተምሩ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። አልጋ ላይ ሆነው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ስትቀብሩኝ ምን እንደሠራሁ በትክክል ተናገሩልኝ፤ አደራ" አሉኝ።

ትናንት የተቋሙ ኃላፊ በቀብሩ ላይ ይነበብልን ብለው የሐዘን መግለጫ ላኩ። "ሥዕሎቻቸው ከፎቶግራፍ የማይለዩ ድንቅ ሥራዎች ነበሩ" ይላል። አይ ሰው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል እሰማ ነበር፤ እነዚህ ግን ዘግይተው ሲጮሁም ተሳሳቱ። ደሜ ፈላ፤ ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኃላፊው አሁን መካከላችን አሉ። ስለመጡ እግዜር ይስጥልን። መግለጫቸው ግን አይነበብም።

በእሱ ፈንታ ይህን ስሙልኝ፦ የእህቴ ሥዕል ከፎቶግራፍ ይለያል። ዕድሜያቸውን የሰጡት እንዲለይ ነው።

እትዬ፣ አምላክ ነፍስዎን በደግ ይቀበል። እዚያስ ሥራዎን አይቶ የሚያውቅ ይግጠምዎት።