ማር የጨመርኩበት በርኩማ

ሩሐማዬ፣ የጌታ ሰላም ከነልጆችሽ ይብዛላችሁ። እኛ ደህና ነን፤ ጂንካ ዝናቡ ገብቶ ጭቃው ብቻ ነው ያስቸገረን።

በኢንተርኔት ጨረታ የሸጥሽውን የቱርሚ የእንጨት በርኩማ ከነካርቶኑ በቡና ነጋዴዋ በአረጋሽ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። አንቺ የመላኪያውን በሁለት ኪሎ ገምተሽ ለገዢው ነግረሽዋል፤ ሚዛኑ ሦስት አለ! ለካ ለምርቃት የጨመርኩት ማር ነው።

«የሩሐማ እናት፣ ትርፏን ሁሉ ለፖስታ ቤት ልትገብሪባት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ታዲያ ሰው ዕቃ ገዝቶ ያለ ምርቃት ይሂድ?»

ማሩን አውጥቼ አንድ ክር ዶቃ በርኩማው ላይ አሰርኩለት፤ ሚዛኑ ከሁለት ኪሎ ንቅንቅ አላለም። በዚያው ላክሁት።

ጌታ እጅሽ የነካውን ሁሉ ያብዛልሽ። አደራ ልጄ፣ ከእንግዲህ የመላኪያውን ስትገምቺ ምርቃቱንም አብረሽ ገምቺ፤ በሰው አገር ቆንቋና አታስብይኝ።

እናትሽ ዓባይነሽ