ሩዙ ከመቆረሱ በፊት ጭነቱ እንዲፈተሽ

ለባሕር ዳርቻ ሥራዎች ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ምሥራቅ ጃቫ

ቀን፦ እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2018

አመልካች፦ ዌኒንግ ላራስዋቲ፣ የካራንግ ዋሩ መንደር ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በሙአራ ዋንጊ የመርከብ ግንባታ ሥፍራ ሰው የሞተበት አደጋ መዝገብ በአባቴ የእምነት ቃል ብቻ እንዳይዘጋ፣ በመጪው ቅዳሜ ሊካሄድ የታሰበው ጭነት የማንሣት ሥራም እንዲታገድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በወረዳችን የሙያ ማሠልጠኛ ለክሬን ምልክት ሰጪዎች የጽሑፍ ትምህርት የምሰጥ መምህርት ነኝ። አባቴ ፓክ ሱካርጆ፣ ሠራተኛው በአክብሮት ባጭሩ «ፓክ ካርጆ» የሚላቸው፣ በሙአራ ዋንጊ ከሠላሳ ዓመት በላይ በገመድ አሳሪነትና በምልክት ሰጪነት አገልግለዋል። ባለፈው ወር፣ እርሳቸው ምልክት በሚሰጡበት ሥራ ላይ፣ ማስ ትሪዮኖ የተባለ ወጣት ሠራተኛ በወደቀ የመርከብ ክፍል ተመትቶ ሞቷል። አባቴ «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው» ብለው ፈርመዋል፤ ጽሕፈት ቤትዎም መዝገቡን በዚሁ ቃል ሊዘጋው መሆኑን በደብዳቤ አሳውቆናል።

ይህን አቤቱታ የማቀርበው የአባቴ ቃል ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ጎደሎ ነው ለማለት ነው። ጎደሎው ካልተሞላ ደግሞ ቅዳሜ ዕለት ሌላ ሰው ይሞታል ብዬ እፈራለሁ።

የነገሩ አመጣጥ

1. ሥፍራው ለአንድ የጭነት መርከብ የኋላ አካል የሚሆኑ ሁለት ታላላቅ የብረት ክፍሎችን፣ የግራና የቀኝ፣ ሠርቷል። የግራው ባለፈው ወር ተነሣ፤ አደጋው የደረሰውም በእርሱ ነው። የቀኙ የሚነሣው በመጪው ቅዳሜ ነው። ሁለቱንም ቀኖች የሥፍራው ባለቤት ፓክ ሀርዮ በቀን ቆጣሪ አስመርጠዋቸዋል፤ የተመረጠ ቀን ደግሞ በእኛ ዘንድ በቀላሉ እንደማይሻር ክቡርነትዎ ያውቃሉ።

2. የማንሣቱ ዕቅድ የተሰላው ክፍሎቹ ባዶ ሳሉ ነበር። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዳቸው አንደኛው ግድግዳ ላይ የማቀዝቀዣ ቧንቧዎችና የፓምፕ መቀመጫ ተገጠሙ። ክብደታቸው ጨመረ፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ማጋደሉ ነው። አባቴ ይህን በዋዜማው አንሥተዋል። ምሳቸውን ይዤ ሄጄ ስለነበር አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ።

«ፓክ፣ ቧንቧው ከገባ በኋላ ስሌቱ ተደግሟል?» ብለው ጠየቁ።

ፓክ ሀርዮ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ «ፓክ ካርጆ ደግሞ! ሙሽራ ጌጥ ስለደረበች አባቷ ጭን ላይ አትቀመጥም እንዴ?» አሉ፤ በሠርጋችን አባት ሙሽሮቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ክብደታቸውን የሚመዝንበትን ልማድ መጥቀሳቸው ነበር።

በዙሪያው የነበሩት ሠራተኞች ሳቁ። አባቴም ከሰው ላለመለየት ፈገግ አሉ። ስሌቱ አልተደገመም።

3. ለተማሪዎቼ የማስተምረው ደንብ እንዲህ ይላል፦ ከባድ ጭነት ሙሉ በሙሉ ከመነሣቱ በፊት ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ተደርጎ ይቆያል፤ ገመዱ፣ ማሰሪያውና ሚዛኑ ይታያል፤ ያጋደለ እንደሆነ ተመልሶ ይወርዳል። አባቴ ይህን ደንብ ሳይፈጽሙ ያለፉበትን ቀን አላውቅም። ደቀ መዛሙርታቸው፣ እርሳቸው በሌሉበት፣ «ፓክ ስንዝር» እያሉ ያሟቸው ነበር፤ ስሙን ያወጣውም ሟቹ ትሪዮኖ ነበር።

4. በዕለቱ ቤተሰብም እንግዶችም ከአጥሩ ወዲህ ተቀምጠን ነበር። የመንደራችን ሽማግሌ ዱዓ አደረጉ፤ በሾጣጣ ቅርጽ የተከመረው ቢጫ የምርቃት ሩዝ፣ ቱምፐንጉ፣ ከዶሮው ጋር ቀረበ። ፓክ ሀርዮ ከሁሉ ለተከበረው ሰው የሚሰጠውን የሩዙን ጫፍ ቆርጠው፣ የመርከቡ ገዢዎች ተወካይ እጁን ለመዘርጋት ሲዘጋጅ፣ አልፈውት ሄደው ለአባቴ ሰጡ። በሥፍራው ታሪክ ጫፉ ለገመድ አሳሪ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። አባቴ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እናቴ ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ትሪዮኖ ከወዲያ ሆኖ፣ «ፓክ፣ ጫፉን ብቻዎን አይጨርሱት! ገመድ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሌላው ቢቀር የዶሮዋን ክንፍ ይተዉልኝ» አለ። «አንተ መጀመሪያ ቀበቶህን አጥብቅ» አሉት አባቴ። እርስ በርስ የተነጋገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

5. ክሬኑ ገመዱን ወጥሮ ክፍሉን ከመሬት ማላቀቅ ሲጀምር አባቴ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ለማቆም እጃቸውን አነሡ። ፓክ ሀርዮ ከእንግዶቹ መካከል ብድግ ብለው፣ «ፓክ ካርጆ፣ የተመረቀውን ነገር ደግሞ እንጠራጠር? ሰዎቹ እኮ ፀሐይ ላይ ናቸው» አሉ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ወዳጅ ለወዳጁ እንደሚለው ያለ ነበር። የአባቴ እጅ በአየር ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወደ ላይ የሚያስነሣውን ምልክት ሰጠ።

6. ክፍሉ የሰው ቁመት በሚያህል ከፍታ ላይ ወደ ቧንቧዎቹ ወገን አጋደለ። በዚያ በኩል ያለው የሽቦ ገመድ ስለታም በሆነው የብረት ጠርዝ ላይ፣ መከላከያ ሳይደረግለት፣ ተሳበና ተቆረጠ። ትሪዮኖ ጭነቱ እንዳይዞር የሚገታበትን ገመድ እንደያዘ ማዕዘኑ አገኘው። ጩኸት አልሰማሁም። የሰማሁት ብረቱ መሬት ሲመታ ብቻ ነው።

የአባቴን ቃል በተመለከተ

አባቴ ሲፈርሙ ማንም አላስገደዳቸውም። በቀብሩ ማግስት የትሪዮኖ እናት ቡ ሙርሲህ ወደ ቤታችን መጡ። ሻይ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም። «ፓክ፣ ልጄን የሰጠሁት ለእርስዎ እንጂ ለመርከቡ አልነበረም» አሉ። ተነሥተው ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። አባቴ በማግሥቱ ጠዋት የቀረበላቸውን ወረቀት ሳያነቡ ፈረሙ።

ይህን አቤቱታ እንደምጽፍ ስነግራቸው ቃል በቃል የተባባልነው ይህ ነው።

«ምልክቱን የሰጠው የኔ እጅ ነው። እጄን ለማን ላውሰው?» አሉ።

«እጅዎን የከለከለም ሰው ነበር፣ አባባ።»

«አንድ ተሸካሚ ከተገኘ ሌላውን ለምን ትጠሪያለሽ? ሙርሲህ የምትረግመው አንድ ሰው ይበቃታል።»

«የቀኙ ክፍል ቅዳሜ ይነሣል» አልኳቸው።

ይህን አላወቁም ነበር። ከአደጋው በኋላ ከሥራ ከታገዱ ወዲህ ማንም ወሬ አላደረሳቸውም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ከዚያ፣ «ጻፊ። እኔን ግን ንጹሕ አድርገሽ እንዳታቀርቢኝ» አሉ።

ስለዚህ ንጹሕ አድርጌ አላቀርባቸውም። ምልክት ሰጪ ከማንም ትእዛዝ በላይ የማቆም ሥልጣን አለው፤ አባቴም ነበራቸው፤ አልተጠቀሙበትም። በዚህ ረገድ ሊወሰንባቸው የሚገባ ውሳኔ ቢኖር እኔ ልጃቸው አልቃወምም። የምቃወመው ጥፋቱ በእርሳቸው ብቻ ሲያበቃ፣ ያልተሰላው ክብደት፣ ያልተሸፈነው ጠርዝና ከእንግዶች መካከል የተሰማው ድምፅ አብረው በነጻ መለቀቃቸውን ነው። አባቴ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅጣቱን ተቀብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ። ስሌቱ ግን ቤቱ አይቀመጥም፤ ቅዳሜ ወደ ሥራ ይገባል።

ትናንት በሥፍራው በር ላይ የተለጠፈውን የቀኙን ክፍል ዕቅድ ቆሜ አነበብኩ። የሰፈረው ክብደት የባዶው ክፍል ነው። ቧንቧዎቹ ግን ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ ሰው እንኳ ይታያሉ።

የማመለክተው

ሀ) የቀኙ ክፍል፣ ቧንቧዎቹና የፓምፕ መቀመጫው ተቆጥረው በገለልተኛ ባለሙያ እንደገና እስኪሰላና ጠርዞቹ ተሸፍነው በጽሕፈት ቤትዎ ሰው ዓይን እስኪታዩ ድረስ፣ የቅዳሜው ሥራ እንዲታገድልኝ፤

ለ) የአባቴ የእምነት ቃል ከመዝገቡ ሳይወጣ፣ ነገር ግን መዝገቡ ሳይዘጋ፣ የሥፍራው ባለቤትና የክሬኑ ነጂ በቃለ መሐላ እንዲጠየቁልኝ፤

ሐ) በአውራጃው ባሉ የመርከብ ሥፍራዎች ሁሉ ጭነቱ በስንዝር ከፍታ ተይዞ፣ ታይቶ፣ ወደ መሬት ከተመለሰ በኋላ ብቻ ዱዓውና ቱምፐንጉ እንዲከተሉ መመሪያ እንዲወጣልኝ። ልማዳችንን ለመሻር አልጠይቅም፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ነገር ግን ምርቃት አንዴ ከተሰጠ በኋላ «ቆይ» የሚል ሰው ምርቃቱን እንዳፈረሰ ይቆጠራል። ሽማግሌ አክባሪ በሆነ አገር ይህን ሸክም በአንድ ምልክት ሰጪ ትከሻ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይደለም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳውቅ። ለቅዳሜው ምልክት ሰጪ እንዲሆን የተመደበው ጉናዲ ነው። የአባቴ ደቀ መዝሙር፣ የእኔም የቀድሞ ተማሪ ሲሆን፣ ይህን ያህል ጭነት በራሱ አንሥቶ አያውቅም። እሑድ ማታ ወደ ቤታችን መጥቶ በረንዳው ላይ ከአባቴ ፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ቀጥሎ ስለ እናቱ ጉልበት ሕመም አወራ። ለመሄድ ከተነሣ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ፓክ፣ እኔ እጄን ባነሣና ቁም ብል፣ ማን ይሰማኛል?» ብሎ ጠየቃቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ይህን በማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ መልሱን ፈልጌ አጣሁት። ልጁ መልሱን የሚያገኘው ከእርስዎ ብቻ ነው፤ ከቅዳሜ በፊት እንዲደርሰው በትሕትና እለምናለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎን ውሳኔ በመጠባበቅ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ዌኒንግ ላራስዋቲ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለሙአራ ዋንጊ የመርከብ ግንባታ ሥፍራ
ለቡ ሙርሲህ፣ ካራንግ ዋሩ