የአንድ ቀን መጽሐፍ

ጥቅምት 6
ዛሬም ሰሌዳ ስሞላ ዋልኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ በሶፍት ኮፒ ስልኬ ላይ አለ... ለእኔ። ልጆቹ ስልክ የላቸውም። እኔ ከስልኬ፣ እነሱ ከሰሌዳው፣ ስንገለብጥ ደወል ይደወላል። ማስተማር ይሄ ነው?
ተማሪዬ አገርነሽ ከደወል በኋላ ቀርታ የጎደላትን ጻፈች። ዱቦ ሆስፒታል እናቷን ካስታመመች ወዲህ ነርስ መሆን ነው ምኞቷ። ከዚህ ትምህርት ቤት እስካሁን ዩኒቨርሲቲ የገባ የለም። እሷ ግን ትገባለች። መቼም ትገባለች።

ጥቅምት 19
ርዕሰ መምህራችን አቶ ጩማ ስብሰባ ጠሩ። በኅዳር ኢንስፔክሽን አለ።
"ከሁሉ በታች ደረጃ አንድ ላይ ተኝተን እስከ መቼ? መጽሐፍ የሚሰጠው ደረጃ ላለው ነው። ከሞዴሉ እንዋሳለን" አሉ።
ሞዴሉ ከተማ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ቤተ ሙከራ አለው፣ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ መብራት አለው። ከእሱ መጽሐፍ ለአንድ ቀን ተውሰን የእኛ ነው ልንል። ሁሉም ያደርገዋል አሉ። እኔም እጄን አወጣሁ። ምን ላድርግ? ሲሰጥ ያየሁት ላለው ብቻ ነው።

ኅዳር 3
መጽሐፎቹ በአይሱዙ መጡ። ለየተማሪው አንድ አንድ! የመጀመሪያውን ገጽ እንዳትገልጡ አልናቸው። የሞዴሉ ማኅተም እዚያ ላይ እንዳለ ግን አልነገርናቸውም።
አገርነሽ ምሳም አልበላች። ስታነብ ዋለች። ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ቆሞ ስለ ባክቴሪያ ጠየቃት፣ ሥዕሉን እያሳየች መለሰችለት። "ጎበዝ! መጽሐፍ ሲኖር እንዲህ ነው" አለ። አቶ ጩማ ፈገግ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።
አመሻሽ ላይ ሰበሰብን። አገርነሽ የእንሰት ቅጠል ቀድዳ ያቆመችበት ገጽ ላይ አደረገች።
"ቲቸር፣ እንዳይወድቅ። ሲመለስ ከዚህ ነው የምቀጥለው።"
ሲመለስ... እሺ አልኳት።

ኅዳር 24
ደረጃ ሦስት ሆንን። አቶ ጩማ ለስላሳ ጋበዙን።

ጥር 15
መጽሐፍ መጣ ሲባል ከአቶ ጩማ ጋር ወደ ወረዳ ሮጥን። ባለሙያው ኮምፒውተሩን አየት አደረገና፣
"እናንተ እኮ አላችሁ" አለን።
"የለንም" አልኩ።
"ኢንስፔክሽኑ አላቸው ይላል። የዘንድሮው ለሌላቸው ነው።"
"ሞዴሉስ?"
"ሞዴሉማ ሞዴል ነው፣ መምህርት አሳየሽ። ለውጤቱ ተጨማሪ ተፈቅዶለታል።"
ሳቄ መጣ። አምና የለንም ብለን ለምነን ደረጃ የላችሁም ተባልን። ዘንድሮ ደረጃ ይዘን ሄድን፣ አላችሁ ተባልን። አቶ ጩማ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት አድርገው... ዘጉት። እኔም ቦርሳዬን አንግቼ ተነሳሁ። ብንናገር ሁለታችንም ከሥራ እንባረራለን። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

የካቲት 2
"ቲቸር፣ መጽሐፉ መቼ ይመለሳል?" አለች አገርነሽ።
ዞሬ ሰሌዳውን አጠፋሁ።

ሐምሌ 4
ልጆቹ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሶዶ ሄዱ። አገርነሽ ከመኪናው ላይ እጇን አወዛወዘችልኝ። አዲስ ነጠላ ጫማ አድርጋለች።

መስከረም 8
ውጤት ወጣ። ዘንድሮም ከእኛ አንድም አላለፈም። ሞዴሉ ተሸለመ።
አገርነሽ ቤቴ ድረስ መጣች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አላለቀሰችም።
"የዛን ቀን ያነበብኩትማ መጥቶ ነበር፣ ቲቸር። እሱን ሁሉ ሠርቻለሁ። ሌላው ነው እንጂ..."
ከእናቷ ጋር ጎደሬ ልትነግድ ነው። ሻይ አፈላሁላት።

ጥቅምት 11
ወደ ሞዴሉ ተዛወርኩ። "ጠንካራ መምህር ለጠንካራ ትምህርት ቤት" ነው የሚሉት። እምቢ ማለት ነበረብኝ... አላልኩም። ደክሞኛል። እዚህ ጠመኔ እንኳን ብዙ አልነካም።
ጠዋት አቶ ጩማ ደወሉ። ኢንስፔክሽን ደርሷል፣ ደረጃችን እንዳይወርድ እንደ አምናው አውሱን አሉ። ላዘጋጅላቸው መጋዘን ገባሁ። በጥር የመጡት አዲሶቹ ካርቶናቸው እንኳን አልተከፈተም። ከአሮጌዎቹ አንዱን ሳነሳ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ብቅ አለ። ባክቴሪያው አልቆ አዲሱ ምዕራፍ የሚጀምርበት ገጽ ላይ። ከእሷ ወዲህ ማንም አልገለጠውም።
ቅጠሉን እዚያው መልሼ ከሚሄዱት ጋር አደረግኩት። መጽሐፉ ሊመለስላት ነው... ለአንድ ቀን። እሷ ግን ገበያ ናት።