የእማዬ ቁም ሳጥን ደጅ የወጣ ዕለት

ውድ እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለ ጤንነቴ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ አትጨነቂ።

«ከእንግዲህ ልጄን ይዤ እዚያ የቢምቢ ጎሬ አልመለስም» ብለሽ ከሄድሽ ወዲህ እኔም አርፌ አልተቀመጥኩም። የፀረ ወባ ርጭት ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ። መርጫውን አዝዬ፣ ጭንብል አጥልቄ ስሄድ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይከተለኛል። ሰው ግን በሩን ይዘጋብኛል። ኬሚካሉን የፈሩ መስሎኝ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ባስረዳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። አንዷማ «ቁልፉ ጠፍቶብኛል» አለችኝ፣ ከውስጥ ሆና።

ምስጢሩን የነገረችኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። «አንተ ልጅ፣ ዕቃችሁን በሙሉ ደጅ አውጡ ትላለህ። ግድግዳው እስኪደርቅም እዚያው ይቆይ ትላለህ። ያን የተቦጫጨቀ ፍራሼን አገር ምድሩ ካየው በኋላ እንዴት ብዬ ነው ቀና ብዬ የምሄደው? ወባው ቢይዘኝ ይሻለኛል፤ እሱስ ገመናዬን አያወራም» አለችኝ። ለካ ሰዉ የሚፈራው መድኃኒቱን ሳይሆን ጎረቤቱን ኖሯል።

የፈሪዎቹ አለቃ ደግሞ የኛው እናት ናት። ያን ቁም ሳጥን መቼም አትረሺውም፤ «የክብር ዕቃ አለበት» እየተባለ አጠገቡ በደረስን ቁጥር ስንቆነጠጥ ያደግንበትን። የወለደችኝ እናቴ በሯን ዘጋችብኝ። እኔም ተናደድኩና «እትዬ የማትመጣው እኮ በዚህ ቤት ምክንያት ነው» አልኳት። ልጅሽን ወባው ሲያተኩሳት «ብርድ ነው፣ ይለቃታል» ብላ ጤና ጣቢያ ከመውሰድ ማዘግየቷና አንቺም በዚያ መቀየምሽ እስከ ዛሬ ሆዷን እንደሚበላት የገባኝ ያኔ ፊቷን ሳየው ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ወደ ውኃ በሚወርድበት ሰዓት፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ና ያዝ» አለችኝ። ቁም ሳጥኑን ስናነሳው እንደ ላባ ቀለለኝ። ደፉ ላይ አደናቀፈኝና የቁም ሳጥኑ በር ብርግድ ሲል ዶሮ እየጮኸች ወጣች። የኋላ ጣውላው ከተገነጠለ ቆይቷል መሰለኝ፣ ዶሮዋ በዚያ ገብታ እንቁላሏን ታቅፋ ኖሯል። ከእሷ ሌላ የነበረው ጠርዙ የተሸረፈ አንድ ሳህን ብቻ ነው።

ውኃ ቀጂዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። እማዬ ወገቧን ይዛ፣ «ምን ትገተራላችሁ? የክብር ዕቃዬ ይኸውላችሁ፣ ታቅፋለች። እስቲ የናንተን እንየው» አለቻቸው። ሳቁ ሰፈሩን ሞላው። ልብስ ሰፊዋ «የኔው ይብሳል» እያለች ፍራሿን ጎትታ መጣች። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው? የማን ወንበር እግር እንደጎደለው፣ የማን ብርድ ልብስ እንደሳሳ ሲፎካከሩ ዋሉ። እኔም ቤት ለቤት ስረጭ ዋልኩ።

አሁን ስለ ጤንነቴ። ወባ ያዘኝ። አትሳቂ። የሰው ቤት እየረጨሁ እኔ ግን ሙቀቱን ሸሽቼ ደጅ ያለ አጎበር እተኛ ነበር። አንድ ጠዋት «በረደኝ» ስል እማዬ ቃሌን አላስጨረሰችኝም። ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ እየጎተተች ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ። ነርሷ ጣቴን ወግታ ደሜን መረመረችና ኪኒን ሰጠችኝ፤ «ቢሻልህም እንዳታቋርጥ» አለችኝ። ወደ እማዬ ዞራም «እናቴ፣ በጠዋቱ እንዲህ ምን አስሮጠዎት?» ብትላት፣ «አንዴ ዘግይቼ አውቃለሁ» አለቻት።

እንደ ልማዳችን ሲሻለኝ የተረፈውን ኪኒን ለሌላ ጊዜ ላስቀምጠው አስቤ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ እማዬ አፌን አስከፍታ ምላሴ ሥር እያየች አስጨረሰችኝ። አሁን እንደ ፈረስ ነኝ።

የልጅሽ አልጋ ላይም አዲስ አጎበር ሰቅለናል። እማዬ ማታ ማታ ጠርዙን ፍራሹ ሥር ዙሪያውን ትሸጉጠዋለች፤ አልጋው ላይ ማንም ሳይኖር። «አትለምናት፣ በራሷ ጊዜ ትምጣ» ብላኛለች። እኔም እሺ ብያታለሁ።

እትዬ፣ እለምንሻለሁ፤ ነይ።

ወንድምሽ