ያመንኩት የሚባለው ውሻ

ለአስካለ፣ ለትዳሬ፤

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፣ ሦስተኛው ደጅ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ልጃችን ትዕግስት «ይንገሩኝና ልጻፍልዎ» ብትለኝ እምቢ አልኳት። የምትጽፈውን በምን አውቃለሁ? በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ለአንቺ አታንስም።

ቤቱ እንደቆመ ነው። የጓዳውን ጣራ አስለወጥኩ። በሰፈራችን በበቾ ቦሬ ሞባይል ያልያዘ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ሰው ግን ሊጠይቀኝ አይመጣም። ከመንደራችን ወደ አንቺ የሚመጡት አጣመው ሳይነግሩሽ እኔ ልንገርሽ።

አርባሽ በወጣ ማግስት ጎረቤታችን አባ ፊጣ የጋራ አጥራችንን ከላይ አንድ ክንድ አሳጠረው። ለቡና ችግኙ ፀሐይ እንዲገባለት ነው አለኝ። ቡና ፀሐይ ሲወድ የት አየሽ? የጅማ ሰው ለጅማ ሰው እንዲህ ይዋሻል? ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ግቢ ላይ ዓይኑን ጥሎ ነው ብዬ ያዝኩ። ከሰቃ ገበያ አንድ ቡችላ አስመጣሁና ያመንኩት አልኩት። የውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አባ ፊጣ በደጃችን ባለፈ ቁጥር በሩ ላይ ወጥቼ «ያመንኩት! ያመንኩት!» እያልኩ እጮኻለሁ። ውሻውን ፈልጌ አይደለም፣ እሱ እንዲሰማ ነው። ውሻውን ስፈልግማ «ና» ብቻ ነው የምለው።

አንድ ዓርብ አባ ፊጣ ነጭ ለብሶ ለጁምዓ ሲሄድ እንደ ልማዴ ጠራሁ። ውሻው ያንኑ ያጠረ አጥር ዘሎ ባቱን ያዘው። ሰውየው ለመርፌ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ፣ የውሻ ለሃጭ የነካውንም ሰባት ጊዜ ሲያጥብ ጁምዓው አመለጠው። አንድ ስድብ አልወጣውም። ይሄም አጠራጠረኝ።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቆረጡ፤ ውሻው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልታረመ መርዝ ይሰጠዋል። ካንቺ ወዲያ በቤቴ የሚተነፍስ እሱ ብቻ መሆኑን የጠየቀኝ የለም።

ትዕግስት ሰምታ ከአዲስ አበባ መጣች። ሥራዋን አንቺ ብቻ ነበርሽ የምታከብሪላት። ሳይኮሎጂ ተምራ ስታበቃ፣ ውሻ ለምን ይናከሳል፣ ለምን ይፈራል፣ እንዴት ይገራል እያለች አሥራ አምስት ዓመት ፈጀች። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ «መንግሥት ቤት ናት» እያልኩ አልፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የላክኳት ልጅ ውሻ ትጠብቃለች ልበል?

ሦስት ቀን ሙሉ አቮካዶው ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣ ደብተር ላይ ጻፈች። ውሻውን አልነካችውም። ስትጽፍ የምታየው ግን እኔን ነው። «ጃጅቷል» ብላ አስመስክራ ቤቱን ልታሸጥብኝ ነው ብዬ፣ ገበያ ስትወጣ ደብተሯን ከፈትኩ። ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። ሰዓቱ አለ፣ ማን እንዳለፈ አለ፣ ከዚያ በየመስመሩ «አባባ ጠሩ፣ ውሻው ተነሳ» ይላል። ሌላ ነገር የለበትም።

ስትመለስ ደብተሩ በእጄ ነው። አልተቆጣችም። «አባባ፣ ውሻው ጤነኛ ነው» አለችኝ። «ስሙን የሚጠሩት ሲቆጡ ብቻ ነው። ስሙን ሲሰማ፣ በሩ ላይ ያለው ሰው ጠላት ነው ማለት ይመስለዋል።»

«ታዲያ እኔ ነኝ የነከስኩት?» አልኳት። ከገበያ ያመጣችውን ስጋ መክተፍ ጀመረች። ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

መድኃኒቱ ይህ ነው አለች፦ አባ ፊጣ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይቆማል፣ እኔ የውሻውን ስም በደግ ድምፅ እጠራለሁ፣ አባ ፊጣ ስጋ ይወረውርለታል። ሄጄ መለመን ነበረብኝ። በሰባ ዓመቴ የሰው በር ላይ ቆሜ «ስሙን ስጠራ መጥተህ ስጋ ወርውርለት» አልኩት። እሱ ሳቀ። «ኦቦ ተሰማ፣ ስሙ ለእኔ መሆኑንማ ቡችላ ሳለ ነው ያወቅሁት። እመጣለሁ። ግን ጭልፋ ስጠኝ፣ በእጄ አልወረውርም» አለኝ።

ሦስት ጠዋት ሞከርን፣ ውሻው ያጉረመርማል። ትዕግስት «ድምፅዎ ነው» ትለኛለች። ሌላ ድምፅ የለኝም አልኳት። «አለዎት» አለችኝ፣ «እማዬን የሚጠሩበት።»

ተነስቼ ወደ ቤት ገባሁ። ያን ቀን አልወጣሁም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ በሩ ላይ ቆምኩ። የውሻውን ስም ነው የጠራሁት፣ ግን ደመናው ሲከብድ፣ የተሰጣው ቡና ሳይረጥብ ድረሺ እያልኩ አንቺን እጠራሽ እንደነበረው አድርጌ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ሁለት ዓመት ከጉሮሮዬ አልወጣም ነበር። ውሻው ዞሮ አየኝ፣ ጆሮውን ጣለ፣ ተቀመጠ። አባ ፊጣ ጭልፋውን እንደያዘ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ሽማግሌዎቹ መጥተው በደጃፉ ገቡ፣ ወጡ፣ ውሻው አልተነሳም። ቀን ቀን ይታሰር ብለው ማሩት። ትዕግስትን «የኛ ዶክተር» ብለው መረቋት፣ እኔም ሥራዋን በስሙ ጠርቼ ነገርኳቸው።

አባ ፊጣን አመንኩት አልልሽም። ስለ አጥሩ ዳግም ብጠይቀው ዛሬም «ለፀሐይ ነው» ይላል። ውሸቱን ነው። ትዕግስት «እርስዎን ለማየት ይሆናላ» ትላለች፣ እሷንም በሙሉ ልቤ አላመንኳትም። ብቻ ስጋ መወርወሩ ካለቀ በኋላም ጠዋት ጠዋት መጥቶ ይቆማል፣ እኔም ግባ ማለት ጀምሬያለሁ።

አልረሳሽም ማለት ለማንም ይቀላል። እኔ የምገባልሽ ቃል ይህ ነው፦ አፌ እስከሚዘጋ ድረስ በየማለዳው ያንን ድምፅ አወጣዋለሁ። ውሻው ለእሱ ይመስለዋል። አንቺ ከሰማሽው ግን ያንቺ ነው።

ተሰማ