የአቶ አንከር ስኮውሞሰ ሕይወትና በመሰላል ኮሚቴው የያዙት ወንበር

አቶ አንከር ስኮውሞሰ ከአባታቸው ከአቶ ሆልገር ስኮውሞሰና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦዳ ብራምሰን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1968 በዴንማርክ፣ በሆርሰንስ ከተማ ተወለዱ። ከቀናቸው ሦስት ሳምንት ቀድመው ስለመጡ እናታቸው ትንፋሻቸውን በየሰዓቱ ያዳምጡ ነበር።

አባታቸው ቤት ቀቢ ነበሩ። በ1979 መሰላሉ ከሥር ተንሸራቶባቸው ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ወደ ሥራ አልተመለሱም። መሰላሉ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነበር። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ከቤተሰቡ ያነበበው አልነበረም። አቶ አንከር ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ።

ትምህርታቸውን በ1984 ጨርሰው አናጢነት ተማሩ። በ1988 እዚያው ከተማ በአንድ ትንሽ የመሰላል ፋብሪካ ተቀጠሩና ሃያ ስምንት ዓመት ሠሩ። በ1995 ከወይዘሮ ማይብሪት ጋር ተጋቡ፤ በ1998 ልጃቸው ሲሊየ ተወለደች።

በ2004 የፋብሪካው ባለቤት የመሰላል ደህንነት ደረጃ ወደሚያወጣው ኮሚቴ ላኳቸው። በዚህ ኮሚቴ ወንበር የሚይዝ ሰው በየዓመቱ ይከፍላል። ትልልቆቹ አምራቾች ሦስትም አራትም ሰው ይልካሉ፤ መሰላል ላይ የሚወጣው ሰው ግን ማንንም አይልክም። ተቃውሞውን በቀኑ ጽፎ ያላስገባ እንደተስማማ ይቆጠራል።

እናታቸው በእሳቸው ጉትጎታ በ2010 የጎልማሶች የንባብ ትምህርት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ አቶ አንከር እሑድ እሑድ የኮሚቴውን የደረጃ ረቂቅ ይዘው እየመጡ ያስነብቧቸው ነበር።

«እማዬ፣ የቱ ጋ ቆምሽ?»

«እዚህ፣ ‹የጎንዮሽ መንሸራተትን የመቋቋም አቅም› የሚለው ላይ። ምን ማለት ነው ደግሞ?»

«በቃ፣ ሰው የሚወድቀው እዚያ ጋ ነው» ብለው ያሰምሩበታል። ሰኞ ተቃውሟቸው ኮሚቴው ዘንድ ይደርሳል።

ፋብሪካው በ2016 ተዘጋ። በ2017 የሚከፍልላቸው ስላልነበረ ወንበሩን ለቀቁ። በዚያ ዓመት መሰላል እንዴት እንደሚቆም የሚያሳየው ሥዕል «ግዴታ» መሆኑ ቀርቶ «ይመከራል» ተባለ። የተቃወመ ሰው አልነበረም። አቶ አንከር ይህን ሲሰሙ ትንሿን ጀልባቸውን ሸጠው በራሳቸው ክፍያ ተመለሱ። ሰብሳቢው ሲያዩዋቸው፣ «አንከር፣ ዘንድሮ ደግሞ ከፋይህ ማነው?» አሏቸው።

«መሰላል ላይ የወጣ ሰው ሁሉ።»

«እሱማ መች ከፍሎን ያውቃል!»

ሁሉም ሳቁ፤ አቶ አንከርም አብረው ሳቁ። ከዚያ ግን ሐሳባቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። ከሚሸጠው እያንዳንዱ መሰላል ላይ ጥቂት ሳንቲም ይነሳ፤ መንግሥትም ይጨምርበት፤ ገንዘቡን መሰላል የማይሸጥ ሰው ይያዘው፤ በእሱም የተጠቃሚው ወንበር ይከፈል፤ ሰነዱንም ማንም በነፃ ያንብበው አሉ። ሐሳቡ ሁለት ጊዜ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

በ2023 ጸደይ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። በኦክቶበር ባለቤታቸው መኪና እየነዱ ወደ መጨረሻው ስብሰባ ወሰዷቸው። ሐሳቡ ለሦስተኛ ጊዜ ተላለፈ። በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ጃንዋሪ 19 ቀን 2024፣ ዓርብ ጠዋት፣ ባለቤታቸውና እናታቸው አጠገባቸው ሆነው አረፉ። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ውጭ ጎረቤቶች በረዶ ይጠርጉ ነበር።

የሥራ ባልደረቦቻቸው በአበባ ፋንታ ለወንበሩ ገንዘብ እንዲዋጣ ጠይቀዋል፤ እናመሰግናለን። አቶ አንከር ግን በሕይወት ሳሉ ከልክለዋል። እናታቸው «እኔስ ብከፍልልህ?» ሲሏቸው፣ «እማዬ፣ አንቺ ከከፈልሽ እነሱ ተገላገሉ ማለት ነው። ተይው፣ ባዶነቱን ይዩት። አበባ ይምጣ» ነበር ያሉት። ስለዚህ አበባ አምጡ ብለናል።

የወንበሩ ክፍያ ቀን የዚህ ወር መጨረሻ ነው። እናታቸው የክፍያ ቅጹን በገዛ እጃቸው ሞልተውታል። ፖስታው ታሽጎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማይብሪትን፣ ልጃቸውን ሲሊየንና እናታቸውን ትተው ሄደዋል። አባታቸው ቀድመዋቸዋል።

እግዚአብሔር ልጄን በደህና ይቀበለው፤ ከአባቱም ጋር ያገናኘው። ለእኔም ፖስታውን እንዳልልከው ብርታቱን ይስጠኝ። አሜን።