ጀሪካንህን የወረወርኩበት ቀን

ውድ ወንድሜ ባንታምላክ፣

መተማ እንዴት ይዛሃለች? እኛ ደህና ነን፤ ዱካኑ ግን ተቃጠለ። አትደንግጥ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው። ይህ የለቅሶ ደብዳቤ አይደለም። እንዲያውም ከዚህ ከሱዳን ምድር፣ ከገዳሪፍ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ ጽፌልህ አላውቅም።

እሳቱ የተነሳው ከጎናችን ካለው ብየዳ ቤት ነው። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ስደርስ ጣራው ወርዷል። የምሸጠው ሳሙና፣ ስኳሩ፣ ጆንያው ሁሉ አመድ ሆኗል። እሪ ያልኩት ግን ለስኳሩ አልነበረም። ቁረይሻ እርሻ ለአረም የወረዱት የአገራችን ልጆች እኔ ዘንድ ያስቀመጡት ዕቃ ትዝ ብሎኝ ነው፤ የመኣሾ ሬዲዮና አዲስ ብርድ ልብስ፣ የእነሙሉዬ ሻንጣ፣ ያንተም ጥለኸው የሄድከው የውሃ ፓምፕ። እናታችን "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" እያለች አይደል ያሳደገችን? ልጆቹ ሲመለሱ ምን እላቸዋለሁ? አደራ በላ ከምባል አብሬ በነደድኩ አልኩ።

ያቺ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሠራተኛ ሲሃም ከሸሪካዋ ውል ይዛ የመጣችበትን ዕለት ታስታውሳለህ። አንተ "እሳት ሳይመጣ ለእሳት መክፈል፣ ና ብሎ መጥራት ነው" ብለህ ሳቅህብን። እሷ ውሉን ከዓረብኛው እየመለሰች አነበበችልኝ። እሳትና ስርቆት ውሉ ውስጥ ይገባል፤ ጎርፍና ጦርነት አይገባም። እስከዚህ ተግባባን። ቀጥላ የሌላ ሰው ሆኖ በአማና የተቀመጠ ዕቃም አይገባም ብላ ልታልፍ ስትል እጇን ያዝኳት። አማና ማለት እኮ አደራ ነው፤ የዱካኔ ግማሹ ደግሞ የሰው አደራ ነው። እሱ ካልገባማ ምኑን ገባሁት? ትንሽ ገንዘብ ጨምረሽ፣ የማን ምን እንደሆነ ካስጻፍሽ ይገባል አለችኝ። ጨመርኩ፣ አስጻፍኩ። አንተ ከንፈርህን መጠጥክ።

ከዚያ ያቺ የቤንዚን ነገር መጣች። ቤንዚን የተቀመጠበት ቤት ቢቃጠል ሸሪካው አይከፍልም ይላል ውሉ። አንተ ደግሞ ለሞተረኞች የምትሸጠውን ከመደርደሪያው ሥር ትደረድራለህ። አውጣልኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩህ። ወረቀት ነው እንዴ የሚያዘኝ ብለህ አሻፈረኝ አልክ። ጀሪካንህን መንገድ ላይ ስወረውረው ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ጉድ አለን። አንተም ጀሪካኖችህን ሰብስበህ "ከእንግዲህ እህት የለኝም" ብለህ ሄድክ። ያቺ ቃል ከእሳቱ በፊት ስታቃጥለኝ ከርማለች።

አሁን ስማኝ። የሸሪካው መርማሪ መጣ፤ ሙሐመድአሚን የሚባል ኮስታራ ሰውዬ። አመዱን በእግሩ እየገፋ መጀመሪያ የጠየቀኝ ቤንዚን ነበረበት ወይ ብሎ ነው። የለም አልኩት። ሁሉም የለም ነው የሚለው፣ ምስክር አለሽ ወይ አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሰፈሩ ተንጫጫ። ሻይ የምትሸጠው ሸዊት ብርጭቆዋን ትታ መጣች።

"ወላሂ፣ ይህቺ ሴት በቤንዚን የተነሳ የእናቷን ልጅ ያባረረች ናት" አለችው።

ብየዳ ቤት ያለው አኑዋር ሳይቀር ጀሪካኑ እግሩ ሥር እንዴት እንደወደቀ አስረዳ። ያ ኮስታራ ሰውዬ ሳቀ፤ እየሳቀ ጻፈ። አየህ ወንድሜ፣ ሳፍርበት የከረምኩት ጠብ ነው ያዳነኝ። የጎረቤት ወሬም ለካ ቀን ይወጣለታል።

ሸሪካው ትንሽ ቢያመላልሰኝም ሲሃም እየጨቀጨቀች አስጨረሰችው። የዱካኑም ተከፈለ፤ የአደራውም ተከፈለ።

ልጆቹ ከቁረይሻ ሲመለሱ ጣራ በሌለው ዱካን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አንገቴን አልደፋሁም። ለእያንዳንዱ የዕቃውን ዋጋ በእጁ ሰጠሁት። መኣሾ ተቀብሎ ገንዘቡን አየ፤ የጠቆረውን ግድግዳ አየ፤ ከዚያ መልሶ መዳፌ ውስጥ አስጨበጠኝ።

"አገሬ እስክገባ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ" አለ። "አደራ።"

እዚያው እንደቆምኩ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ዱካን ተቃጥሎባት የከበረች ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የፓምፕህም ገንዘብ እኔ ዘንድ አለ። በሰው እጅ አልልከውም፤ ራስህ መጥተህ ውሰድ። የአዲሱን ዱካን ቆርቆሮ ልንመታ ነው፣ መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው ያስፈልገኛል። ብቻ ጀሪካን ይዘህ እንዳትመጣ።

እህት አለህ፣
እናኑ